ትርፍ የሌለው ቀሚስ

(በሴት ተማሪዎች መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። አክብራችሁ ስለጠራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራዬ የሀበሻ ቀሚስ መስፋት ነው፤ 26 ዓመት ሆነኝ። ስለ ሴት ልጅ ቁመና እና ስለ ቁንጅና መለኪያ ንገሪን ስትሉኝ መጀመሪያ ፈራሁ። ሐኪም አይደለሁም። የታሪክ ተመራማሪም አይደለሁም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ዕድሜዬን በሙሉ ሜትር ይዤ የሴቶችን ደረት፣ ወገብና ዳሌ ስለካ ነው የኖርኩት። መስታወቱ ፊት ቆመው፣ ለባላቸው እንኳ የማይናገሩትን ስለ ገላቸው ለእኔ ይነግሩኛል።

የልክ ደብተሮቼን አልጥልም። አልጋዬ ሥር በካርቶን አሉ። ለዛሬ ብዬ አወጣኋቸውና አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ከልኩ ጎን ደንበኛዋ ያለችኝን አጠር አድርጌ የመጻፍ ልማድ አለኝ። በድሮዎቹ ደብተሮች ላይ «ላላ ይበል» የሚለው ሞልቷል። «ለእርግዝናም እንዲሆን»። «በኋላ እናቷ ትለብሰዋለች»። የቅርቦቹ ላይ ያለው ሌላ ነው። «ጥብቅ»። «ወገቡ ይግባ»። «ዳሌዋ ጎልቶ ይታይ»። «እስከ ሰርጓ 8 ኪሎ ትቀንሳለች፤ በዛ ልክ ይሰፋ»።

ይሄን የመጨረሻውን ሳነብ ደብተሩን ዘጋሁት። ገና ያልመጣ ገላ ነው የሰፋሁለት።

የአያቴ ቀሚስ እጄ ላይ አለ። ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ ስንጨርስ ቀርባችሁ ንኩት። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው። ጥለቱ ደብዝዟል። ታች ጫፉ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ያቃጠላት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ወገቡን ስለካው ዙሪያው 148 ሴንቲ ሜትር ነው። አያቴ ግን ቀጭን ሴት ነበረች። ቀሚሱ ሲሰፋ ማንም ወገቧን አልለካም። ልክ የሚሰጠው መቀነቱ ነው። ስታረግዝ መቀነቱን ከፍ አድርጋ ላላ አርጋ ታስረዋለች። ስትወልድ ሆዷን ጠበቅ አድርጋ ትታሰርበታለች። ስታረጅ ደግሞ እንደገና ይላላል። ገንዘቧንም የምትቋጥረው እዛው መቀነቷ ጫፍ ላይ ነው። በዚህ ቀሚስ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና አስነስታለች፤ በዚሁ ቀሚስ የመጨረሻ ልጇን ድራለች። በመሀሉ ገላዋ ስንቴ እንደተለዋወጠ አስቡት። ቀሚሱ አንድም ቀን አልጠበባትም።

ይሄን ስል ድሮ ሁሉ ነገር ደህና ነበር እያልኩ አይደለም። ድሮም ሴት ልጅ ትታያለች፣ ትመዘናለች። የሚታየው ነገር ግን ሌላ ነበር። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። አንገተ መቃ እንላለን። ተረከዘ ሎሚ እንላለን። ጥርሷ በረዶ፣ ፀጉሯ ሐር። ጥርሰ ፍንጭት የሆነች ልጅ በፍንጭቷ ትወደድ ነበር፤ አሁን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ታስገጥመዋለች። መለሎ፣ ሸንቃጣ የሚሉ ቃላትም አሉን። ዳሌና ወገብም ተዘፍኖላቸዋል፤ አልክድም። ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ከሚወደሰው አብዛኛው ሰው በጾምም በክኒንም የማያገኘው ነው። ተረከዝ ሎሚ ከሆነ ሆነ፤ ካልሆነም አልሆነም። ማንም ተረከዝ አይሸጥልሽም።

ሕመሙም ነበር። የድድ ንቅሳትን ታውቁት ይሆናል። ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ የልጅቷ ድድ በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ በጥላሸት ይጠቁራል። አያቴ ስትነግረኝ ለቀናት እህል አልቀመስኩም፣ አፌ አብጦ ነበር ብላኛለች። አንገቷም ዙሪያውን ተነቅሷል። ያኔ ያልተነቀሰች ልጅ ነበረች የምታፍረው።

አሁን ምን ሆነ መሰላችሁ? ልጃቸውን የሚድሩ እናቶች ቀሚስ ሊያሰፉ ይመጣሉ። ልክ ስወስድ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ እንደጠመጠሙ ነው። ቀስ ብለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «የኔ ልጅ፣ አንገቱን ከፍ አድርጊልኝ» ይሉኛል። ንቅሳቱን ለመሸፈን ነው። ፎቶ ላይ እንዳይታይ። አንዷ እናት ልጃቸው ከውጭ ደውላ «ማሚ፣ ያ ነገር እንዳይታይ» እንዳለቻቸው ነገሩኝ። «ያ ነገር» የተባለው በ12 ዓመታቸው፣ ቆንጆ ሁኚ ተብለው፣ እናታቸው እጃቸውን ይዘው ያስነቀሷቸው ነው። ያን ቀን አንገታቸው ላይ ሜትሩን ስጠመጥም እጄ ተንቀጠቀጠ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ቁንጅና የነበረው ነገር ነውር ሆነ። ሴትየዋ ግን ያው ናቸው። አንገታቸውም ያው ነው።

«ወፈርሽ» የሚለውን ቃል ደግሞ እንውሰድ። አያቴ ዘንድ ይሄ ምርቃት ነው። ዘመድ ከሩቅ ሲመጣ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ፣ ተመችቶሻል» ይላል። እሷም «ተመስገን» ትላለች። ወፈርሽ ማለት ቤትሽ እህል አለ፣ ባልሽ ደህና ነው፣ አልታመምሽም ማለት ነው። አራስ ሴት አጥሚትና ገንፎ በቅቤ ሲቀርብላት ከርማ ስትወጣ፣ ወዟ ጢም ብሎ ካላዩት ጎረቤት ያማል። «ከሳሽ» ደግሞ ስድብ ሳይሆን ጭንቀት ነው። «ከሳሽብኝ፣ ምን ሆነሽ ነው?» የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ ላየ ሰው ቀጭን ገላ ምን እንደሚያስታውሰው መገመት አያቅትም።

ከዛ ኤች አይ ቪ መጣ። የእናንተ ዕድሜ አያስታውሰውም። በየሰፈሩ ድንኳን የሚተከልበት ጊዜ ነበር። ያኔ መክሳት ማለት መጠርጠር ማለት ነበር። ሱቄ ገና ሲከፈት አካባቢ አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። ሕመሟ የጨጓራ ነው፤ ግን እየከሳች ሄደች። ልክ ልወስድ ነጠላዋን ሳነሳ ከቀሚሷ ሥር ሌላ ሁለት ቀሚስ ደርባ አገኘኋት። ሙቀት ነው፣ መጋቢት ነው። «ሰው እንዳያወራ ብዬ ነው» አለችኝ። በሦስቱም ላይ ለካኋት። የጻፍኩት ልክ አሁንም ደብተሩ ላይ አለ።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከዛ በኋላ መክሳት ቀስ በቀስ ከዛ ጥርጣሬ ነፃ ወጣ። በዛው ሰሞን ደግሞ ሌላ ነገር እየመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የአዲስ አበባ ልጅ የሆነችው ሞዴል ሊያ ከበደ ኤስቴ ላውደር የሚባለው የመዋቢያ ኩባንያ የማስታወቂያ ፊት ሆነች። በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። እንዴት እንደኮራን! ፎቶዋን ከመጽሔት ቆርጬ ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ መቃ። ያን ፎቶ እያዩ ልጆች «እንደሷ እንድመስል ስፊልኝ» ማለት ጀመሩ። ሳስበው ይገርመኛል። ያንኑ የሚመስል ገላ ያላት ልጅ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ሰፈራችን ውስጥ ብታልፍ «ይቺን ልጅ ምን ነካት?» ነበር የምትባለው። ገላው አልተለወጠም። የምናይበት ዓይን ነው የተለወጠው። ይሄን ለመናገር ነው የመጣሁት፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

የፈረንጆቹን ታሪክ በሙያዬ በኩል ትንሽ አንብቤዋለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶቻቸው ወገባቸውን ኮርሴት በሚባል ጠንካራ የወገብ ማጥበቂያ ልብስ ያጠብቁ ነበር። መጀመሪያ ላይ ኮርሴቱን የሚያቆመው ከዓሣ ነባሪ አፍ የሚወጣ ስንጥር ነው፤ በኋላ ብረት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፋሽኑ ተገልብጦ ደረትም ዳሌም የማይታይበት ቀጥ ያለ ቀሚስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ ፓሪስ ላይ ክርስቲያን ዲዮር የተባለ ልብስ ነዳፊ የጠበበ ወገብና የሰፋ ዳሌ ይዞ ቀረበ። የጎደለውን ዳሌ በጨርቅ እየሞሉ ነው የሰፉት። 20 ዓመት ሳይሞላ፣ በ1966፣ ትዊጊ የተባለች የ16 ዓመት ቀጭን እንግሊዛዊት ሞዴል መጣችና ዳሌ የሚባል ነገር እንደገና ጠፋ። አስቡት፣ በ1920ዎቹ ቀሚስ የለበሰች አንዲት ሴት በሕይወት ቆይታ ሦስቱንም ልታይ ትችላለች። የትኛውን ገላ ይዛ ትኑር?

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን የ«ሚዲየም» ነገር ነው። ሳልባጅ ገበያ ስትሄዱ ልብሱ አንገት ላይ ኤስ፣ ኤም፣ ኤል የሚል ጨርቅ አለ አይደል? ልጆች ሱቄ መጥተው «እኔ ሚዲየም ነኝ» ይሉኛል። የደም ዓይነታቸውን የሚነግሩኝ ይመስላል። አንዷ ላርጅ ነው የሚሆንሽ ስላት ዓይኗ እንባ ሞላ። ይሄ ልክ ከየት መጣ? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የግብርናው መሥሪያ ቤት ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለካ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1941 ታተመ። እያንዳንዷ 59 ቦታ ነው የተለካችው። ነጭ ያልሆኑ ሴቶች ቢለኩም ልካቸው ከውጤቱ ተቆርጦ ወጣ። ከዚህ ተነስተው በ1958 የአገሪቱን የልብስ ልክ ደረጃ አወጡ። ውሎ አድሮ እሱም አልሠራ ብሎ በ1983 መንግሥት ራሱ አነሳው። አሁን እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ሚዲየም ይሠራል። እንግዲህ መርካቶ ውስጥ ላርጅ ነሽ ተብላ ያለቀሰችው ልጅ የምታለቅሰው፣ እንደሷ ያሉ ሴቶች ተቆርጠው ከወጡበት ሂሳብ ለተነሳ ፊደል ነው። እኔ ሜትሬን ይዤ ይሄን ሳስብ ያመኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ፊጂ። ፊጂ የደሴቶች አገር ናት። እዛም እንደኛ ሞላ ያለ ገላ ነበር የሚወደደው። ሰው ሲከሳ ምን ነክቶት ነው ይባላል። ናድሮጋ የሚባለው ክፍለ ሀገር ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አን ቤከር የተባሉ የሃርቫርድ ሐኪም ያኔ ተማሪ ልጃገረዶችን ጠየቁ። ለመክሳት ብላ የበላችውን የምታስመልስ አንድም ልጅ አልነበረችም። ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ በዛው ያሉ ልጃገረዶችን ሲጠይቁ 11.3 በመቶዎቹ አዎ አሉ። ሦስት ዓመት ብቻ! ያውም በአንድ ቴሌቪዥን ጊዜ ነው። እናንተ ኪሳችሁ ውስጥ የያዛችሁት ስልክ ሌሊትም አይዘጋም።

አሁን ወደ ሱቄ ልመልሳችሁ። ባለፈው ጥር፣ ሰርግ በሚበዛበት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ልጆች መጡ። አንደኛዋ ሙሽራ ናት። ቀሚሱን ስትለካ መስታወቱ ፊት ቆማ እያለች ፊቷ ነጣ፤ እጄ ላይ ወደቀች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከቡና በቀር የቀመሰችው የለም። ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት። ቦርሳዋን ከፍታ ማስቲካ ስትፈልግ አንድ ስም የሌለው የላስቲክ ከረጢት ወደቀ። ክኒን ነው። «ማቅጠኛ ነው» አለችኝ፤ ቴሌግራም ላይ ነው የገዛችው።

ሁለተኛዋ ሐሙስ መጣች። ከወር በፊት ለክቻት ነበር። ፊቷ ክብ ሆኖ አብጦ ሳያት አላወቅኋትም። ጉንጮቿ ተወጥረዋል፣ እጅና እግሯ ግን ያው ቀጭን ነው። እጮኛዋ ሞላ ያለች ሴት ነው የሚወደው ተብላ ማወፈሪያ እየወሰደች ነው። እሷም ከረጢቱን አሳየችኝ። ያው ስም የሌለው ላስቲክ። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። አንዷ ለመክሳት፣ አንዷ ለመወፈር፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ከረጢት ይዘዋል።

ሐኪም የሆነች የእህቴ ልጅ አለች፤ ጠየቅኋት። ማወፈሪያ እየተባለ በየአገሩ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን ወይም ሳይፕሮሄፕታዲን ነው አለችኝ። አንደኛው ጠንካራ የብግነት መድኃኒት ነው፤ ሁለተኛው የአለርጂ ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። ዴክሳው ፊትን ያሳብጣል፣ የደም ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ሆርሞን ያዘጋዋል። ለረጅም ጊዜ ወስደሽ በድንገት ካቋረጥሽ ሊገድልሽ ይችላል። እባካችሁ ይሄን ስሙኝ። እየወሰዳችሁ ያላችሁ ካላችሁ በራሳችሁ ድንገት አትተዉት። ከረጢቱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ማፈር የለበትም።

ከውጭ ያሉ ደንበኞቼም ብዙ ናቸው። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ልካቸውን በቴሌግራም ይልኩልኛል። አሁን አሁን ከልኩ ጋር የሌላ ሴት ፎቶ ይመጣል። «እንደዚህ እንዲያደርገኝ»። ወገቧ እንደ ብርሌ አንገት የቀጠነ፣ ዳሌዋ የተነፋ። አንዷ ቱርክ ሄጄ ልሠራው ነው፣ ቀሚሱን ከዛ በኋላ ስፊው አለችኝ። ከሆድ ስብ ተመጥጦ ዳሌ ላይ ይወጋል። ያ ስብ ወደ ጡንቻው ከገባ በደም ሥር ተጉዞ ልብና ሳንባ ሊደፍን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቀዶ ሕክምና ማኅበራት ራሳቸው ባወጡት ማስጠንቀቂያ ከ3,000 ሴቶች አንዷ ልትሞትበት እንደምትችል ተናግረዋል። የእንግሊዞቹ ማኅበር በዛው ዓመት አባሎቹ እንዲተዉት መክሯል። ይሄን ጽፌ ላክሁላት። አንብባዋለች፤ መልስ ግን አልሰጠችኝም። ቀሚሱን እስካሁን አላዘዘችም። በየቀኑ አስባታለሁ።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው የት አገር እንደሆነ አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶቻችን 22 በመቶዎቹ ከጤናማ በታች ቀጫጮች ነበሩ። ከመጠን በላይ የሆኑት 8 በመቶ ነበሩ፤ ከተማ ላይ ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንዲት ልጅ ሰሃኗን ገፍታ ስትነሳ፣ ሌላዋ የምትገፋው ሰሃን የላትም። «ቀጭን» የሚለው አንድ ቃል ለሁለቱ አንድ አይደለም። ሁለቱም ግን ሱቄ ሲመጡ መስታወቱ ፊት ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

እህቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ ኤርፖርት ልንቀበላት ወጣን። አራት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ሠርታ ነው የመጣችው። ገና ሻንጣዋን ሳታወርድ አንዱ «ከሳሽ!» አለ። ሌላዋ «ጠቆርሽ!» አለች። ቤት ስንደርስ አክስታችን ደግሞ «ኧረ ዳሌሽ የት ሄደ?» አሉ። በፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። አክስታችን እያለቀሱ ነው ያሉት። እህቴ ግን ጓዳ ገብታ በሩን ቆለፈች። ማታ እኔ ስገባ «አራት ዓመት እንዴት ቆየሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለችኝ። እኔም ከነሱ አንዷ ነበርኩ። ከዛ ወዲህ ማንንም ሰው ሳገኝ ገላውን ሳልጠራ ሰላም ማለት እየተለማመድኩ ነው። ከባድ ነው። አፌ ላይ ይመጣል። እናንተም ሞክሩት፤ ለሳምንት ያህል ብቻ።

ስለ ሥራዬ የመጨረሻ ነገር ልንገራችሁ። ድሮ ስንሰፋ ስፌቱ ውስጥ ታጥፎ የሚቀር ትርፍ ጨርቅ እንተው ነበር። በሁለቱም ጎን አራት፣ አምስት ሴንቲ። ኋላ ሲያስፈልግ ተፈትቶ እንዲሰፋ። አሁን ደንበኞች አይፈልጉትም። ትርፉ ስለሚወፍር ወገቡን ያበዛዋል ይላሉ፤ «ቁረጪው» ይሉኛል። ለጥቂት ዓመት ቆረጥኩ።

ያቺ እጄ ላይ የወደቀችው ሙሽራ ቀሚሷን ስትወስድ ትርፉን አልቆረጥኩትም። አልነገርኳትም። በቀጭኑ አጥፌ፣ በገበሩ ሥር በእጄ ሰፋሁት፤ በሁለቱም ጎን አራት አራት ሴንቲ። ሠርጓ ላይ አምሮባት ነበር፤ ፎቶውን ልካልኛለች።

ባለፈው ወር መጣች። ልጇን ታቅፋለች፤ ክርስትናው ደርሷል። ቀሚሱን በፌስታል ይዛለች። «ከእንግዲህ አይሆነኝም አይደል? ለእህቴ ልስጣት ወይ?» አለችኝ። ዓይኗን ሰብራ ነው የምትጠይቀኝ። ቀሚሱን ገለበጥኩና ገበሩን ከፍቼ ትርፉን አሳየኋት። በጣቷ ዳሰሰችው። ዝም አለች። ከዛ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ልጇን ማጥባት ጀመረች። እኔም መቀሴን አንስቼ ስፌቱን እየፈታሁ ነበር፤ ሕፃኑ ጠብቶ ሳይጨርስ የግራው ጎን ተፈቶ አለቀ።